ሺካሞ በሃርግሬቭ ሆቴል በር

ሞምባሳ ላይ፣ ማዕበሉ ኮራል ድንጋዩን ከሚገርፍበት ጫፍ፣ ሃርግሬቭ ሆቴል ተገትሯል። እንግሊዞች የሠሩት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ እንግሊዞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጣታቸውን ቀስረዋል፤ ጣት መቀሰርም ሥራ ነው። የደረጃውን እብነ በረድ ከመርከብ አውርደው በጀርባቸው ሽቅብ ያወጡት ግን እነ ሼ የተባሉ የሞምባሳ ተሸካሚዎች ነበሩ። ደረጃው ተሠርቶ ሲያልቅ ሼ አንድ ጊዜ ሊወጡበት ቢሞክሩ፣ ዘበኛው የወጥ ቤቱን በር በዱላ በትሕትና አመለከታቸው።

ምዜ ኮምቦ የእኚህ የሼ ልጅ ናቸው፤ ምዜ ማለት አባባ እንደ ማለት ነው። በዚያው በወጥ ቤቱ በር ገብተው የእንግዳ ጫማ ሲወለውሉ አደጉ። የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ የኬንያ ሲሰቀል ነጻነት ለሃርግሬቭም ደረሰ፤ ኮምቦ በዋናው በር እንዲቆሙ ተፈቀደላቸው። ቀይ ኮፍያ ተሰጣቸው። በሩንም ከፈቱ፤ ለሌላ ሰው።

ይሁን እንጂ በሩን ወደዱት። አባት በተባረረበት ደረጃ አናት ላይ ቆሞ ማርጀት ለልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆቴሉ ከስሮ ፍየሎች በዳንስ አዳራሹ ተኝተው ሲያመሰኩ እንኳ ቦታቸውን አልለቀቁም። ሰው ሲጠይቃቸው፣ “እነዚህኞቹ እንግዶች ጨዋ ናቸው፤ ሰክረው አይሳደቡም” ይሉ ነበር።

ኋላ አዲስ ባለቤቶች መጡና ፍየሎቹን አስወጥተው ግድግዳውን ኖራ ቀቡ። ሥራ አስኪያጅ ያደረጉትም የምዜ ኮምቦን ጎረቤት፣ የቢ (የወይዘሮ) ዙሁራን ልጅ ፋሂምን ነው። ፋሂም ድሮ ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ይሳለማቸው ነበር። ከተሾመ ወዲህ ግን አንገቱ ስለ ደነደነ ይመስላል፣ ሰላምታው ቀርቷል።

ለመክፈቻው ጥቂት ሲቀር አስጠራቸው።

“ምዜ፣ እንግዶቻችን ባህል ይወዳሉ። ከእንግዲህ ለገባ ሁሉ ሺካሞ ይላሉ። በመጽሔታችንም አትመነዋል።”

ሺካሞ “እግርዎን ይዣለሁ” ማለት ነው። ታናሽ ለታላቁ ይለዋል፤ ታላቁም “ማራሃባ” ብሎ ይቀበላል። ታላቅ ለታናሹ ሺካሞ ከሚል ዝናብ ሽቅብ ቢዘንብ ይቀላል።

“ለገባ ሁሉ?” አሉ ምዜ ኮምቦ።

“ለሁሉም።”

“ጡት ለሚጠባውም?”

“እሱም እንግዳ ነው፣ ምዜ።”

“ልጄ፣ ምን እያልከኝ እንደሆነ ታውቃለህ?”

“እኔማ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን አያውቁም። ድምፁ ያምራል፣ በቃ። እምቢ ካሉም ያንን ኮፍያ የሚመኝ ሞልቷል።”

ምዜ ኮምቦ ቤት ሲገቡ ሚስታቸው ቢ ምዋናሃሚሲ ማሃምሪ ለሚባለው በዘይት የሚጠበስ ዳቦ የሚሆን ሊጥ በኮኮናት ወተት ታሻለች። የሆነውን ነገሯት።

“ጥሩ ነዋ! በእኔ ተለማመድ። ታናሽህ ነኝ፤ በል ሺካሞ በለኝ።”

“አንቺ ሴት!”

“ማራሃባ!” ብላ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ እጇን ጠራርጋ፣ “እንዲያው ግን ምን ልታደርግ ነው?” አለቻቸው።

“በሩን ልጣ ወይስ ራሴን? እሱን ነው ያላወቅሁት።”

በመክፈቻው ቀን ምዜ ኮምቦ ኮፍያቸውን ደፍተው ቆሙ። ፋሂም እጁን አጣምሮ ከጎናቸው ቆመ። መጀመሪያ ደረጃውን የወጣው ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር፤ ያለከልካል። ምዜ ኮምቦ በሩን ሳብ አድርገው ከፈቱ። ሰውየው ግን መጽሔቱን አውሮፕላን ላይ ሲያጠና መጥቶ ኖሮ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀደማቸው።

“ሺካሞ!” ብሎ ጎንበስ አለ።

ሰላምታ መንፈግ ነውር ነው። “ማራሃባ” አሉ ምዜ ኮምቦ።

ሚስቱም አለች። ሙሽሮቹም፣ ሕፃን ያቀፈችውም፣ ካሜራ ያንጠለጠለውም አሉ። ሃርግሬቭ ደረጃው ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጨዋ ፈረንጅ ወጥቶበት አያውቅም። እግራቸውን በቃል የሚይዘው በዛና ምዜ ኮምቦ መቆሙ ራሱ ተመቻቸው።

ፋሂም ጠጋ ብሎ በጥርሱ መሃል፣ “ምዜ! የሚሉት እርስዎ ነዎት እንጂ!” አለ።

“ቀደሙኝ እኮ። እንግዳ ሲሳለመኝ ልዝጋው?”

“የሚቀጥለውን ይቅደሙ። አለዚያ ኮፍያውን አሁኑኑ ያውልቁ!”

ምዜ ኮምቦ ደረጃውን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ፋሂም እጅ ላይ አኖሩለት።

ይኼኔ የፋሂም መጠጋትና ማንሾካሾክ ሰላምታ የመሰላት አንዲት ሴትዮ መጽሔቱን ገልጣ ወደ እሱ መጣች። “ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ‘በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን ሳይሳለም አያልፍም’ ይላል። እርስዎ ሲሳለሟቸው ፎቶ ሳላነሳ አመለጠኝ። ይደግሙልኛል?”

ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ፋሂም ራሱ ነበር። ከኋላዋ ያሉትም ስልካቸውን ደቀኑ። ፋሂም ፈገግ ለማለት እየታገለ፣ “ሺካሞ” አለ።

ምዜ ኮምቦ ባሕሩን ያያሉ።

“ሺካሞ፣ ምዜ” አለ ደግሞ። ማራሃባ የተነፈገ ልጅ ሞምባሳ ውስጥ የእናቱን ደጃፍ እንኳ በኩራት አይረግጥም። “ይመልሱልኝ እንጂ!” ሲል አንሾካሾከ።

“ከሥራ የተባረረ በሰው በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ይቀበላል? ምን ቤት ነኝ?”

ፋሂም ስልኮቹን አየ፤ ምዜ ኮምቦን አየ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ራሳቸው ላይ ደፋላቸው። ሴትዮዋ ፎቶ አነሳችው።

“ማራሃባ፣ ልጄ” አሉት ምዜ ኮምቦ። “በል አሁን ዞር በል፤ በሩን ጋረድክባቸው።”