መሪ ያቀናንበት ከሰዓት በኋላ

ፖሊሶች የያዙኝ ዓረብ አገር፣ ዑድ በሚባል ሰፈር፣ ከምሠራበት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። መንፉሐ ሰፈር ላይ ሐበሻው ተሰብስቦ የታፈሱት እህቶቻችን የት እንደገቡ ሲጠይቅ፣ ዓረብኛ ስለምችል ፊት ቆሜ አስተርጉሜ ነበር። የእጄን ግራሶ ሳልታጠብ ወሰዱኝ። የታሰርኩበትን ክፍል የማስታውሰው በጠረኑ ነው፦ ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ በረኪና። መስኮት አልነበረውም።

ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። የወሎ ሰው ነው፤ ሱለይማኒያ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ሲነዳ የኖረ። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ የያዘው አሠሪው፣ ካፊሉ፣ «ጠፍቶብኛል» ብሎ ከሶት ነው የታሰረው። ክፉኛ ያስለው ነበር። በር እየደበደብን ሐኪም ብንጠይቅም የመጣ የለም።

እኔን እያወጡ «መሪያችሁ ማነው?» ይሉኛል። የለንም እላለሁ። ይመልሱኛል።

አንድ ቀን መካኒክ መሆኔን የሰማ መኮንን ግቢ ውስጥ ወደቆመች አሮጌ የአሜሪካ መኪና ወሰደኝ።

«የአባቴ ናት» አለ። «ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪዋ ወደ ግራ ዞሮ ይቀመጣል። ነቅለህ አቅንተህ ግጠመው። ያላ።»

«እንደዚያ ባደርገው ለዓይን ብቻ ነው። ወደ አንዱ ጎን በደንብ ትዞራለች፣ ወደ ሌላው እምቢ ትላለች። ከስር ነው የሚስተካከለው። መሪውን የሚይዝልኝ ሰው ስጠኝ፤ አብሮኝ የታሰረው ሰውዬ ሾፌር ነው።»

ትንሽ አሰበ። «ካቃናሃት ለሚስትህ ትደውላለህ» አለኝ።

ሽማግሌው ፀሐይ ሲነካው ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። እኔ በክሪክ አንስቼ ከስር ገባሁ። ጎማዎቹን የሚገፉትን ሁለት ዘንጎች ፈትቼ፣ አንዱን ባሳጠርኩት ልክ ሌላውን አስረዘምኩ።

«ወንድሜ» አለኝ ከላይ፣ በአማርኛ፣ «ጠዋት መሪያችሁ ማነው፣ ከሰዓት መሪ አቅና። እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሳል ሆነበትና እስኪተወው ድረስ መፍቻውን ይዤ ጠበቅሁ።

መኮንኑ ከጎኑ ገብቶ ግቢውን እንዲዞር አዘዘው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ነዳ፤ በቀጥታው ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ቆመ። መኮንኑ ወርዶ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ስልኩ ይቅርብኝ» አልኩት። «በሱ ፈንታ ለዚህ ሰው ሐኪም አምጣለት።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ» አለ።

ክፍላችን ስንመለስ ሽማግሌው ተቆጣኝ። «ሚስትህ ሞተሃል ብላ ታለቅስ ይሆናል፤ ለምን አልደወልክም?»

«ነገ ይታከማሉ ጋሼ» አልኩት።

በማግስቱ ማለዳ ስሜ ተጠራና በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱኝ። ሽማግሌው ተኝቶ ነበር፤ ልቀስቅሰው ብዬ ስጎነበስ ወታደሩ ክንዴን ሳበኝ።

አገር ቤት የደረስኩት ባለቤቴ እውነትም ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ ነው። ያን ቀን ለምን እንዳልደወልኩ ስነግራት አልወቀሰችኝም። አሁንም ሽማግሌው ታክሞ ይሆን እያለች ትጠይቀኛለች። ሙሉ ከሰዓት በኋላ አብረን ስንውል ወሎ ውስጥ አገሩ የት እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ኖሮ ይኼን ጊዜ ሄጄ ቤቱን አንኳኩቼ ነበር።