ካሴቱ ያስተማረላቸው መምህር

«ሩስኪው» እያልን ነበር የምንጠራቸው፣ ከኋላቸው። ፊት ለፊትማ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ሩሲያኛ ተምረው መጡ፤ የሚያስተምሩበት የሩሲያኛ ክፍል ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ያስተምሩ አላቸው። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ እኔ፣ በዕድሜ ልጃቸው የምሆን።

እንግሊዝኛውን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። አፋቸው ላይ ግን ሩሲያኛው ቀድሞ ገብቶ ቤቱን ይዟል። በእንግሊዝኛ ቲማቲም ለማለት «ታማታ» ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እሳቸው ምን ገዷቸው! ጠመኔ አንስተው ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍላሉ።

«ሳቁ፣ ሳቁ! ሁለቱም ቋንቋዎች የድምፅ ጉልበት ለማይወድቅበት አናባቢ ንፉግ ናቸው። ሩሲያኛ ወተትን ሲጽፍ ሦስት ኦ ይደረድራል፤ ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነውና የፊተኛዋን ይውጣታል፣ መካከለኛዋን አ ያደርጋታል። እንግሊዝኛ ግን ኦ በሉት ኤ፣ ካልጠነከረ አብዛኛውን ጊዜ አፉን በቅጡ ሳይከፍት ያልፈዋል። የእኔ አፍ ደግሞ መከፈት ለምዶበታል!»

ያቺን ትምህርት የረሳ ልጅ አላየሁም።

ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ግን ፈራሁ። አፌ ቁርጥ ይበል፣ መምህራን ማረፊያው ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እባክዎ አይናገሩ፤ የእንግሊዝኛውን ካሴት ብቻ ያጫውቱላቸው» አልኳቸው። አንዱ ሳቀ። እሳቸው የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጠው «እሺ አለቃ» አሉ።

ተቆጣጣሪው አመሰገነን። በማግስቱ በመስኮት አየሁ፤ ካሴት። በሳምንቱም ካሴት። ያጫውታሉ፣ ያቆማሉ፣ በጣታቸው ይጠቁማሉ፤ የተጠቆመው ይደግማል። «ለአንድ ቀን ነበር እኮ ያልኩት» ብዬ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። የልጆቹ ውጤት አምሮ፣ ምስጋናው ለእኔ ይመጣ ነበራ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን መመለስ እየቻልኩ ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጡረታ በወጡበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ርእሰ መምህሩ «እስቲ ጋሼ፣ ለተማሪዎችዎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይበሉልን» አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ወደ ጓደኛዋ ዞራ «ይችላሉ እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ሁለት ዓመት ያስተማሯት ልጅ ናት።

እሳቸውም ሰምተዋታል። ተነሥተው ማይክሮፎኑን ያዙ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ፈልገው አገኙኝ።

«አለቃ» አሉ፣ «መናገር ይቻላል?»