ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ያለ ቤት

በደርግ ጊዜ የቤት ኪራይ ርካሽ ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የሚያናድደኝ እውነት መሆኑ ነው። ርካሽ ነበር፤ የሚከራይ ቤት ግን አልነበረም። ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ የመንግሥት ሆኗል፤ አንድ ቤት ብቻ የቀረችለት ሰው ደግሞ እሷን አከራይቶ የት ይገባል? ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ቤት ፈላጊ የሚያየው ቤት ሳይሆን ሰው ነበር። ማን ተዛወረ፣ ማን ታመመ፣ የማን መበለት ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ጣሪያውን በዓይኑ የሚለካ ሰው አይቻለሁ።

እኔ አስተማሪ፣ ባለቤቴ የሆስፒታል ነርስ ነበርን። ከተጋባን ጀምሮ የምንኖረው አዘዞ፣ አክስቷ ቤት፣ በመጋረጃ በተከፈለች ክፍል ነው። የአክስቷ ሳል ወደ እኛ፣ የእኛ ሹክሹክታ ወደ እሳቸው ያልፋል። አንድ ቀን ባለቤቴ ቁርጡን ነገረችኝ። ክረምት ሳይገባ ቤት ካልተገኘ አይከል ጤና ጣቢያ ልትዛወር ነው፤ እዚያ ለሠራተኛ ክፍል ይሰጣል። እሷ አይከል፣ እኔ ጎንደር።

ግንቦት ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝና የታሸገ ቤት እንዳለ ነገረኝ። ተከራዩ ወጣት የቢሮ ጸሐፊ ነበር። አንድ ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ጫካ ገባ ተባለ፤ በሩ ታሸገ። ከእኔ በፊት ይህን ቤት እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ብዙ አነባለሁ፤ ብዙ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምክንያት አያጣም። ግድግዳ አይከሰስም ብዬ ተቀበልኩ። ማኅተሙ ተቀደደ፣ ቀበሌው ዘንድ የነበረው ትርፍ መክፈቻ ተሰጠን፣ አልጋችንን አስገባን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘንቢል የያዙ አንዲት ሴት ከበራፉ ቆሙ። ከጠዳ ለገበያ የመጡ የልጁ እናት ነበሩ። ባለቤቴ ይግቡ ብትላቸው አልገቡም። ጎንበስ ብለው የበሩን ቁልፍ አዩ።

«ለውጣችሁት ይሆን?» አሉ።

«ገና ነው እማማ» አለች ባለቤቴ። አዲሱን ቁልፍ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር።

«ምነው ባትለውጡት ልጄ። የሱ መክፈቻ ተኪሱ ነው። ሲመጣ በሩ እምቢ ቢለው ወዴት ይሄዳል?»

ባለቤቴ አይለወጥም ብላ ቃል ሰጠች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ያለኝን ክርክር ሁሉ አወጣሁ። ጫካ የገባ ሰው በዋናው በር አይመለስም፤ ቢመለስም ወታደር ተከትሎት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምን እንላለን? ሁሉንም ሰማችኝ።

«ፍራ» አለች። «አትፍራ አላልኩህም። ቁልፉን ግን አትለውጥ።»

ነገሩ ትምህርት ቤት ተሰማና መሳቂያ ሆንኩ። እናንተ እኮ ደባል ናችሁ፣ ዋናው ተከራይ ጫካ ነው ያለው ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

እናትየው በየቅዳሜው መጡ። አንዳንዴ ሽንብራ ወይም ጌሾ ይዘውልን ይመጣሉ። ደጃፉ ላይ ውኃ ይጠጣሉ፣ ቁልፉን ያያሉ፣ የመጣ ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልገቡም። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ልጁ በሕይወት አለ ያለም፣ ሞቷል ያለም አልነበረም።

በኋላ ሁለታችንም ወደ ባሕር ዳር ተዛወርን። ሐሙስ ቀን ዕቃችንን መኪና ላይ ስንጭን ቤቱን ከእኛ የሚረከበው አዲስ ተከራይ አናጢ ይዞ መጣ። አዲስ ቁልፍ በእጁ ነው። ባለቤቴ ዕቃውን ትታ ስለ እናትየው ነገረችው። ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ እኛ ተንከራቶ፣ ከሰው ቤት ተጠግቶ የኖረ ነው። ጨርሶ አዳመጣትና፦

«እህቴ፣ ልጆች አሉኝ» አለ።

የራሴን ክርክር ነበር ያሳጠረልኝ።

ባለቤቴ እስከ ቅዳሜ ብቻ እንዲታገስ ለመነችው። እስከ ቅዳሜ ልጆቼን ምን አድርጌ ላስተኛ አላት። አናጢው አሮጌውን ቁልፍ ነቅሎ ሊጥለው ሲል ተቀበለችውና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ሾፌሩ እየቸኮለ ነው።

«አንተ ሂድ» አለችኝ። «እኔ እስከ ቅዳሜ ጎረቤት ሰንብቼ ለሴትዮዋ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ደርሰው ከሰው አፍ አይስሙት።»

ከአልጋውና ከመጻሕፍቴ ጋር ብቻዬን ሄድኩ። ለካ ባሕር ዳርም ቤት የለም፤ ዕቃውን ከአንድ የሥራ ባልደረባ ግቢ አራግፌ ጠበቅኋት። እሑድ ማታ ደረሰች። ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት።

ብዙም አላሉም አለች። ቁልፉን ተቀብለው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተውታል። ከዚያ አዲሱ ሰውዬ ልጆች እንዳሉት ጠይቀዋታል።

«አሉት አልኳቸው» አለች ባለቤቴ። «እንግዲያውስ ይቆልፍ አሉ።»