አራት የሚስማር ቀዳዳ ያለው ጋዜጣ

ኦርፋ ስቲልዌል ማተሚያዋን በበሬ ጋሪ ጭና ዳኮታ ሜዳ ላይ ስትደርስ ከተማዋ ሦስት ቤትና አንድ የውሃ ጉድጓድ ነበረች ይባላል። ባሏ መንገድ ላይ በንዳድ ሞቶባታል። ሰዎቹ "ብረቱን ሽጠሽ ወዳገርሽ ተመለሽ" ቢሏት፣ "ለማን? ለእናንተ? ማንበብ እንኳ አትወዱ!" አለቻቸውና በሳምንቱ የአውራጃውን የመጀመሪያ ጋዜጣ አወጣች።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ አላጓደለችም። ጋዜጣዋን ያኖረው ደግሞ ወሬ ሳይሆን የመሬት ማስታወቂያ ነው። መንግሥት በሰጠው መሬት ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ዓመት የኖረ ሰው፣ መሬቱ በስሙ ከመጽናቱ በፊት ስድስት ሳምንት በተከታታይ በቅርብ ባለ ጋዜጣ ማስታወቅ አለበት። አንዷ ሳምንት ከተዘለለች መሬቱን ለማጽናት የተቀጠረለት ቀን ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ "መሬቱ ለእኔ ይገባል" የሚል ሌላ ሰው ብቅ ይላል።

በዘጠነኛው ዓመት የበረዶ ወራት ቶርገር ኦሞት የሚባል ኖርዌጂያዊ ገበሬ አምስቱን ሳምንት ጨርሶ ስድስተኛዋ ቀርታው ነበር። መሬቱ ምንጭ ያለበት ነው። የመሬት ደላላው ዊንስሎ ፕሩት በዚያ ምንጭ ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል፤ ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የቶርገርን ማስታወቂያ ነው። ኦርፋ ይህን ልብ ብላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቷን ልትወስድ ባቡር ጣቢያ ሄደች። ወረቀቱ ከትልቅ ከተማ የሚመጣው አንድ ገጹ ታትሞበት ነው፤ ልብ ወለድ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ፣ ሥዕል። እሷ ባዶውን ገጽ በአገሯ ወሬ ትሞላለች። የጣቢያው ሹም ሆባርት ክሪም ባዶ እጁን ቆሞ ጠበቃት።

"ሰኞ ወርዷል። እዚህ ጥግ ነበር።"

"ነበር ማለት ምን ማለት ነው፣ ሆባርት?"

"የለም ማለት ነዋ! ምን ላድርግሽ፣ ልውለደው?"

"እሑድ ከፕሩት ጋር ስትበላ አይቼሃለሁ።"

ሆባርት ፊቱ ቀላ። "ዘጠኝ ዓመት ዕቃሽን ስሸከም ኖሬ፣ ዛሬ በአንድ ሳህን ድንች ሸጠኸኛል ትይኛለሽ?"

ኦርፋ ትታው ሄደች። ቤቷ ተመልሳ፣ ምናልባት ወረቀት ከተገኘ ብላ የማተሚያዋን የእርሳስ ፊደሎች እየለቀመች፣ በቶርገር ማስታወቂያ ሥር ሦስት መስመር ደረደረች፤ የጣቢያው ሹም የሰው አደራ ማን እንደሚያስበላው እንዲጠየቅ የሚል። ከዚያ ወረቀት ካልተገኘ ነገ ጋዜጣ እንደማይወጣ መርዶውን ራሷ ልትነግረው በቅሎዋን ጭና በበረዶው ላይ ወደ ቶርገር ወጣች።

ቶርገር በሩን ከፍቶ በደስታ ተቀበላት።

"ይግቡ፣ ወይዘሮ፣ ይግቡ! ቤቴን ይዩልኝ። የመሬት ቢሮው መርማሪ ሲመጣ 'ይህ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው?' ይላል አሉኝ። አሁን ነፋስ ይገባል? አይገባም!"

ኦርፋ ግድግዳውን አየች። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ሥዕሉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አራት አራት ሚስማር ተመትቶበት፣ የነገው ጋዜጣዋ ወረቀት ተሰቅሏል።

በዚያ አገር ግድግዳውን በአሮጌ ጋዜጣ የማያለብስ የለም። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ደግሞ ታትሞ ካየው አሮጌ ነው ይላል።

"ቶርገር፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ይህን ማን ሰጠህ?"

"ሚስተር ፕሩት። ሹሙ በሌለበት ጣቢያው ላይ ቆሞ 'ማንም አይፈልገውም፣ ውሰደው' አለኝ። ደግ ሰው ነው።"

"በጣም! በል መንቀያ አምጣ። መሬትህን ነው ግድግዳ ላይ የቸነከርከው።"

ሲገባው ወንበር ላይ ዘፍ አለ፤ ከዚያ ዘሎ ተነሣና ሚስማር ይነቅል ጀመር። ማስታወቂያው እንዲወጣ የሚበቃውን ያህል አወረዱ። ነፋሱ በተራቆተው ሳንቃ መሀል እያፏጨ ገባ።

ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። ፕሩት እንደ ልማዱ መጣና አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

"ወይዘሮ ስቲልዌል፣ ጋዜጣዎን ብል በላው እንዴ?"

"ሚስማር ነው። ለቶርገር የሰጡት ወረቀት ነው።"

ፕሩት ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። "እኔ እኮ አሮጌ መስሎኝ ነው። ጽሑፍ አለበት! ማን ይጠረጥራል?"

ፊቱን አጥብቃ አየችው። ቶርገርም ያንኑ ስሕተት ሠርቷልና እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ እያነበበ የኖረ ደላላ ነው። የትኛው እንደሆነ እስክትሞት ድረስ አላወቀችም።

ስድስተኛው ሳምንት ተቆጠረ። የመሬቱ ቢሮ ጸሐፊ ቀዳዳዎቹን አይቶ ቢገረምም ማኅተሙን መታ፤ ምንጩም ለቶርገር ጸና።

ከማተሟ በፊት ስለ ሆባርት የደረደረቻቸውን ሦስት መስመሮች ፊደል በፊደል ነቅላቸው ነበር። በምትኩ የምትሞላበት ጊዜ ስላልነበራት ቦታው ባዶ ወጣ። ሆባርት ጋዜጣውን ይዞ መጥቶ ጣቱን እዚያ ባዶ ላይ አሳረፈ።

"እዚህ ምን ነበር፣ ኦርፋ?"

"ምንም።"

"ዘጠኝ ዓመት ምንም የሚባል ነገር አትመሽ አታውቂም።"

ከዚያ ወዲያ ወረቀቷን ራሱ በሯ ድረስ ተሸክሞ ያመጣላት ጀመር። ነገር ግን "ቆጥረሽ ተረከቢኝ" ሳይል አንድም ቀን አልሄደም።