በፍልሰታ የተመዘንን ዕለት

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን መምህርት ትናንት ጠርተውኝ ጽሑፍሽ ለግድግዳ መጽሔቱ ተመርጧል፣ ጉርድ ፎቶ አምጪ ሲሉኝ ባጃጅ መሳፈሩ እንኳ ትዝ ሳይለኝ ብቻዬን እየሳቅኩ በእግሬ ቤት ገባሁ። ጉርዱን ፍለጋ የእማዬን አልበም ሳገላብጥ ግን፣ ላስቲኩ ከተጣበቀበት ገጽ ውስጥ እኔና የአክስቴ ልጅ ሃዊ ጎን ለጎን እንደቆምን ብቅ አልን፤ ያ የድሮ ቅናቴም መጥቶ ደስታዬ ላይ ተቀመጠበት።

ሃዊ የወንጂ ልጅ ናት። ያኔ ክረምት በመጣ ቁጥር አዳማ እኛ ቤት ትመጣ ነበር፣ ከሻንጣዋ ቀድሞ ደግሞ ጉንጯ ይገባል። የሰፈሩ ሴቶች እየቆነጠጧት እንዴት ተመችቷታል፣ ስታምር ይላሉ፤ ወደኔ ሲዞሩ ድምፃቸው ይቀንስና እማዬን ለዚች ልጅ የኮሶ መድኃኒት ሰጥተሻታል ወይ ብለው ይጠይቁልኛል። መስታወት ፊት ስቆም የሚታየኝ የመጥረጊያ እንጨት ነበር፤ እግዜር ሲያድለን የኔንም ድርሻ ለሷ የደረበላት ይመስለኝ ነበር።

የስምንት ዓመት ልጆች ሳለን ፍልሰታ ገባ። ሃዊ እጾማለሁ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስ ስትል ቤተሰቡ ሁሉ መረቃት። እኔ ግን ለመወፈር ቆርጬ ስለነበር፣ ሕፃን ሁሉ በሚጾመው ጾም ቁርሴን ሁለቴ በላሁ፤ መልኳ ሳያንስ በጽድቋም ልቀና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጆግ ውሃ ጠጥቼ፣ በዚያ ወበቅ ከቀሚሴ ሥር ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ መናኸሪያው አጥር ጥግ ሚዛን ይዘው ወደሚቀመጡት ሽማግሌ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ይዣት ሄድኩ። እሷን መዘኑ፣ እኔን መዘኑ፣ ቁጥሩን ጎንበስ ብለው ደግመው አዩና፣

«እኩል ናችሁ እኮ ልጆቼ። ሂዱ ተጫወቱ» አሉን።

ሃዊ አለቀሰች። ስለደረስኩባት የከፋት መሰለኝ። ለማጽናናት ብዬ፣ «አይዞሽ፣ አሁንም ወፍራሟ አንቺ ነሽ» አልኳት።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወንጂ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ለክረምት መጥታ አታውቅም። ኮራችብኝ ብዬ በኩራቷም ቀናሁ።

ትናንት ማታ ፎቶውን ለታናሽ እህቴ አሳይቼ ወፍራሟ የቷ ናት አልኳት። አየት፣ አየት አድርጋ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ የሚለየው ቀሚሳችሁ ነው አለችኝ። ብደነግጥም ደፍሬ ለሃዊ ደወልኩና የሹራቡን ጉድ ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች፤ ሳቋ እንኳ ከኔ ያምራል። ከዚያ ጾሙ ለእመቤቴ እንዳልነበረ፣ ትምህርት ቤት ዱባ እያሉ ያስለቅሷት እንደነበር አወጋችኝ።

«የተራብኩት እኮ አንቺን ለመምሰል ነበር። እኩል ናችሁ ሲሉን በደስታ አለቀስኩ፤ አንቺ ግን ወፍራሟ አልሽኝ» አለችኝ።

እኔ ጉንጯን፣ እሷ አጥንቴን ስንመኝ ስምንት ክረምት አለፈ፤ አንድ አልጋ ላይ ተጣጥፈን ያላወራንበት ስምንት ክረምት፣ ተጎንጉነን የማናውቀው ሹሩባ፣ በአንድ ቢላ ያልተላጠ ማንጎ። ሃዊ ቅዳሜ ቁርስ ሳትበዪ ወንጂ ነይ ብላኛለች። እናንተም የምትቀኑባት ልጅ ካለቻችሁ፣ በዚህ ቅዳሜ ሳትበሉ ሂዱና አብራችኋት ብሉ።