ሐዊ የያዘችው ቁልፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩትም። ዛሬ የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ መሸከም ስላቃተኝ ነው።

አዳማ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ፣ ላንጋኖ ላለ ሎጅ እንግዶች ክፍል የሚይዙበትን ድረ ገጽ እንሠራ ነበር። ኮዱን የሚጽፉትም የሚፈትሹትም ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት የኤአይ ረዳቶቻችን ናቸው፤ እኛ እናዛቸዋለን። ድረ ገጹን ከፍተው የሚሠሩበት ብራውዘር ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ አንዱ የከፈተውን ገጽ ሌላው መጥቶ ይቀይርበታል። ስለዚህ አለቃችን እንደ ኪራይ ግቢ የሽንት ቤት ቁልፍ አንድ አሮጌ ቁልፍ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ረዳቱን ወደ ብራውዘሩ የሚልከው ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ ነው። ስቀን ተቀበልነው።

ያን ቀን ቁልፉ ከጎኔ የምትሠራው የወለንጪቲዋ ልጅ፣ ሐዊ ጋ ነበር። ረዳቷ የሎጁን ገጽ አስመስለን ከሠራነው መለማመጃ ገጽ ላይ የሙከራ ስሞችን እንዲሰርዝ አዝዛ ምሳ ወጣች። እኔ ቸኮልኩ። የምን ችኮላ? ማን አሳደደኝ? ወረፋ መጠበቅ ስላስጠላኝ ብቻ፣ ቁልፉን ሳልይዝ ረዳቴን ላክሁት። የእኔው ረዳት በዚያው ብራውዘር እውነተኛውን የሎጁን ገጽ ከፈተ። የእሷው ደግሞ አሁንም መለማመጃው ላይ ያለ መስሎት መሰረዙን ቀጠለ። የበዓል እንግዶች ስም ሁሉ ጠፋ። ነገሩ ሳይታወቅ ክፍሎቹ ለሌላ ሰው ተሰጡ፤ ልጆችና ሻንጣ ይዘው ላንጋኖ የወረዱ ቤተሰቦች ደጅ ቀሩ።

አለቃችን «ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» አለ።

«እኔ ጋ» አለች ሐዊ፣ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እያኖረችው። ቁልፉን ስላመነች ራሷን ጠረጠረች። እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቅዞ ውስጤን ጨርሶታል።

ከሥራ ተባረረች። ዕቃዋን ስትሰበስብ ወደ እኔ ዞራ «ወንድሜ፣ እባክህ ጸልይልኝ፤ በእኔ ዝርክርክነት ስንት ሰው አዘነ» አለችኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? እኔ ግን እጄን ትከሻዋ ላይ ጭኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጌታ ሆይ፣ እህቴን ይቅር በላት» ብዬ ጸለይኩ። እያለቀሰች «አሜን» አለች።

አሁን ወለንጪቲ የእህቷን ሱቅ ትጠብቃለች፤ ኮምፒውተር ዳግም አልነካም ብላለች አሉ።

ሐዊ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልልሽ ስል አፌ ይያዛል፤ የራሴን ይቅርታ አንዴ በአንቺ ስም ለምኜዋለሁ።