የጋሽ አጥናፉ ሁለተኛ ጥይት

ጋሽ አጥናፉ በሕይወታቸው ሰው ላይ ተኩሰው አያውቁም። ሆኖም በሰፈራችን ከእሳቸው የበለጠ ምላጭ የሳበ ሲቪል ያለ አይመስለኝም። ከአርባ ዓመት በላይ የተማሪዎችን ሩጫ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ቀይ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ቀስረው "በቦታ... ተዘጋጅ..." ካሉ በኋላ የሚመጣውን ድምፅ ከአዲሱ ገበያ እስከ ዊንጌት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ዛሬ በዚያው በተማርኩበት ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ያኔ ግን በአራት መቶ ሜትር መጨረሻ የምወጣ ቀጫጫ ልጅ ነበርኩ።

እንጀራቸው ግን ሌላ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ቆመዋል። በ1974 ዓ.ም. በሠራተኞች የስፖርት ቀን አስጀማሪው ሳይመጣ ይቀራል። አለቃቸው ዞር ዞር ብሎ "አጥናፉ፣ ያንተን ጆሮ እንደሆነ ማሽኑ በልቶታል፤ ና ተኩስ" ይላቸዋል። በዚያው ቀጠሉ። ፋብሪካው ጡረታ አወጣቸው፣ ሩጫው ግን አላወጣቸውም።

ያኔ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰፊ ነበር። አንዴ ሲተኩሱ ድምፁ ሄዶ እንጦጦን ነክቶ ይመለስ ነበር። እኛ ልጆች እየሮጥን እንኳ እንሰማው ነበር፤ ተራራው የሳለ ይመስላል። ዛሬ ከሜዳው ጀርባ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ድምፁ ወዲያው ተላትሞ ይመለሳል። ከሜዳው ግማሹም ለመማሪያ ክፍል ስለተወሰደ መቶ ሜትር የሚገኘው ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ሲሰመር ብቻ ነው። መስመሩን በኖራ የሚያሰምሩት አሁንም ጋሽ አጥናፉ ናቸው።

ስለ ሽጉጡ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ያለ እሱ አይገባም። ስድስት ጎራሽ ነው። ጥይቶቹ የሚገቡበት ከበሮ አለው፤ በተተኮሰ ቁጥር አንድ ስድስተኛ ይዞርና ቀጣዩን ጥይት ከመምቻው ፊት ያመጣል። በርሜሉ ከፊት የተደፈነ ስለሆነ ምንም አይተፋም፤ ጥይቱም እርሳስ የሌለው፣ ድምፅና ጭስ ብቻ ያለው ነው። ዓመቱን ሙሉ በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በውድድር ሳምንት ፈርመው ይወስዱታል።

ጋሽ አጥናፉ በየዓመቱ ከሩጫው በፊት ልጆቹን ሰብስበው የሚናገሩት ነገር ነበር፦ "ስተኩስ ሩጡ። ከተኩሱ በፊት የተነሳ ካለ ደግሜ እተኩሳለሁ፤ ያኔ ሁላችሁም ትመለሳላችሁ። ጎናችሁ ያለው ቀድሞ ቢወጣ አትደንግጡ፣ አትከተሉት። ሁለተኛዋን ለእኔ ተዉአት።"

አምና ይህን ቃል ከልቧ የያዘች አንዲት ልጅ ነበረች። ሳሌም ትባላለች፤ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። እዚህ አገር አጭር ርቀት እሮጣለሁ የሚል ልጅ ብዙ አይገኝም፤ ሁሉም አሥር ሺህ ነው የሚያልመው። እሷ ግን መቶ ሜትር ካልሆነ አልሮጥም ትላለች። በሴቶች ፍጻሜ ከጎኗ ያለችው ልጅ "ተዘጋጅ" እንደተባለ ተፈትልካ ወጣች፣ ወዲያው ጥይቱ ጮኸ። ሌሎቹ ተከትለው በረሩ። ሳሌም ሁለተኛዋን እየጠበቀች እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች።

ሁለተኛዋ አልመጣችም። ጋሽ አጥናፉ ምላጩን ደጋግመው ሳቡ፤ ከበሮው አልዞር አለ። "ተመለሱ!" ብለው ሲጮኹ ሯጮቹ ጨርሰዋል። ወዲያኛው ጥግ ያሉት ዳኞች ሁለተኛ ተኩስ አልሰማንም ብለው ውጤቱን አጸደቁ። ሳሌም ጉልበቷ ላይ ኖራ እንደያዘች መጥታ ፊታቸው ቆመች።

"ጋሼ፣ ሁለተኛዋስ?" አለች።

ጋሽ አጥናፉ ይህን ሲነግሩኝ ዓይን ዓይኔን አላዩም።

ዘንድሮ ሳሌም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤት ውድድር የመጨረሻ ሩጫዋ ነው። የወረዳው የስፖርት ባለሙያ ኢየሩ ደግሞ ጎበዝና ፈጣን ወጣት ናት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጥሩንባ እንዲገዛ ጠይቃለች።

"ጋሼ፣ በቃ ይሄ ብረት ጡረታ ይውጣ።"

"እኔ ወጥቼ ምን አገኘሁ?"

"እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ዘንድሮን በፊሽካ እናስጀምራለን። ጥሩንባው ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።"

"ፊሽካማ ትራፊክ ፖሊስም ይነፋል" አሉ። ግን አመሻሹ ላይ እኔ ቤት መጡ። "ቲቸር፣ ለዚያች ልጅ ሁለተኛዋ አለች ብያለሁ። ዘንድሮ መኖር አለባት።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብልሽት ማለት እኮ ነገሩ ስለ ራሱ የሚሰጠው ፍንጭ ነው። ኢየሩ ከፖሊስ የፈቃድ ደብዳቤ አወጣችልንና ሐሙስ ከሰዓት ከሜዳው ጥግ ተገናኘን። አዲሱ ገበያ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግነውን አብዱልሰላምንም ጠርቼው ነበር፤ የፀጉር ስፋት ታህል ክፍተት በጣቱ የሚያውቅ ሰው ነው። ሽጉጡን ገልብጦ አየና "ጋሽ አጥናፉ፣ መርፌው የት ነው?" አለ።

"ቀልድህን ወዲያ በልና ፍታው።"

ሁለት ዓይነት ጥይት ነበረን። አንደኛው ጋሽ አጥናፉ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት፣ የተበላ ካርቶን ውስጥ የቀረ ነው፤ ስድስት ፍሬ ብቻ። ሌላው አምና የመጣው፣ አፉ በአረንጓዴ ፕላስቲክ የተዘጋ አዲሱ ነው፤ እሱ ሞልቷል። አምና ለሴቶች ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስቱንም አዲሶች አጉርሰው ነበር።

መጀመሪያ ቆሻሻ ይሆናል አልን። አብዱልሰላም በጥርስ ብሩሽና በላምባ ጥላሸቱን ሁሉ አጠበ። አንድ አዲስ ተኮስን፤ ከበሮው ተያዘ። ቆሻሻ አይደለም።

ታዲያ ከስድስቱ ቀዳዳዎች አንዱ ጠማማ ይሆን? ምልክት ያስፈልገናል አልኩ። ኢየሩ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና በየቀዳዳው አጠገብ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ አደረገች። "ጥፍሬን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ ቀብቼ አላውቅም" አለች። በሦስት የተለያዩ ቀዳዳዎች አዲሶቹን ሞከርን። በሦስቱም ተያዘ። እነዚያው ቀዳዳዎች ውስጥ ሁለት የድሮ ጥይት ስንተኩስ ግን ከበሮው እንደ ቅቤ ዞረ። ቀዳዳውም፣ ከበሮውን የሚያዞረው ብረትም ከጥርጣሬ ነፃ ወጡ። ጋሽ አጥናፉ በሐዘን "አራት ቀሩ" አሉ።

ቀጥሎ ስድስት አዲሶች አጉርሰን ሳንተኩስ አዞርነው። ይዞራል! እዚህ ላይ ከደስታዬ የተነሳ አብዱልሰላምን ትከሻውን መታሁት። ነገሩን አስቡት፤ አዲሱ ጥይት ሳይተኮስ ጤነኛ ነው፣ ሲተኮስ ይታመማል። ስለዚህ ሲተኮስ ቅርፁን የሚለውጥ ነገር አለ።

አብዱልሰላም ከመሣሪያ ቦርሳው የመስታወት ስባሪ አወጣና የተተኮሰ አዲስ ቀለህ በቂጡ አቆመበት። ቀለሁ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። እኔም ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት ይመስል ከኪሴ አንድ ነገር አወጣሁ። ተማሪ ሆኜ ከሩጫ በኋላ ቀለህ እየለቀምን፣ አፋችን ላይ አድርገን እንደ ፊሽካ እየነፋን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው፤ አንዱን መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬው ኖሬ ያን ቀን ይዤው መጥቼ ነበር። መስታወቱ ላይ ሳቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጋሽ አጥናፉ ቀለሁን አንስተው አሸተቱት። "ይሄን እኔ ነኝ የተኮስኩት?"

"አራት መቶ ሜትር። መጨረሻ የወጣሁበት።"

"የትኛው?" አሉና ሳቁ።

ምስጢሩ ቀለሁ ቂጥ ላይ ነው። እዚያ መምቻው የሚመታት፣ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ክብ ቆብ አለች። ስትፈነዳ የራሷ ጋዝ ወደ ኋላ ይገፋታል። እርሳስ ያለው ጥይት ቢሆን ወዲያው ቀለሁ ራሱ በኃይል ወደ ኋላ ተገፍቶ ቆቧን ቦታዋ ላይ መልሶ ይጫናታል። ድምፅ ብቻ ባለው ጥይት ግን ያን ያህል ኃይል የለም፤ ቆቧ ብቅ እንዳለች ትቀርና ከኋላ ያለው ብረት ላይ ተወትፋ ከበሮውን ትይዘዋለች። በድሮዎቹ የቆቧ ዙሪያ ተቆንጥጦ ስለታሰረ አትወጣም። ይኸው ነው። በጥፍር ጫፍ የምትዳሰስ ብቅታ የአንዲትን ልጅ ሩጫ በላች።

አብዱልሰላም ከኋላ ያለውን ብረት ልሞርደው አለ፤ ክፍተቱ ቢሰፋ ቆቧ ጭራሽ የምትወጣበት ቦታ ታገኛለች ብዬ ከለከልኩት። ጥይቱንም መነካካት አይታሰብም። ከዚያ ጋሽ አጥናፉ አራቱን የድሮ ጥይቶች መዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ "ሁለተኛዋ ከተተኮሰች በኋላ ቢያዝ ማን ግድ ይሰጠዋል?" አሉ።

አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም! ከበሮው መዞር ያለበት ከመጀመሪያዋ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የድሮ፣ ቀጥሎ አዲስ። ቀድሞ መውጣት የሚያሠጋው በአጭር ርቀት ነው፤ እሱ አራት ውድድር ነው፤ የድሮ ጥይት አራት። ልክ ነበር።

ቅዳሜ ሦስቱ ውድድሮች በሰላም አለፉ። መጨረሻ ላይ የሴቶች መቶ ሜትር መጣ። ሳሌም ሦስተኛው መስመር ላይ ተንበረከከች። "በቦታ... ተዘጋጅ..." የመጨረሻዋ የድሮ ጥይት ጮኸች። ግን ከአምስተኛው መስመር አንዷ ከድምፁ ቀድማ ወጥታ ነበር። ሳሌም ዘንድሮም አልተነቃነቀችም።

ሁለተኛዋ ጮኸች።

ድምፁ ከሕንፃው ተላትሞ ሲመለስ ልጆቹ ሁሉ እግራቸውን እየጎተቱ ቆሙ። ሳሌም አንገቷን ቀና አድርጋ ጋሽ አጥናፉን አየቻቸውና እንደገና አቀረቀረች። እኔ ግን ጥይቱን ቆጠርኩ፤ እንደገና የሚያስጀምር የድሮ ጥይት አልቋል። ይህን ሳናስብ ቀርተን ነበር። የመለስናቸው ልጆች እኮ ደግመው ይነሳሉ!

ኢየሩ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ለጋሽ አጥናፉ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። የተያዘውን ቀለህ በሚስማር ገፍተው አወጡ፣ አንድ አዲስ ጥይት አጎረሱና ስምንቱን ልጆች ወደ ራሳቸው ጠሩ።

"ልጆች፣ ሁለተኛ አለች እያልኩ ነው ያሳደግኳችሁ። አሁን የለችም። ይሄ ብረት አንዴ ብቻ ነው የሚጮኸው። ቀድሞ የሚወጣ ካለ የምመልስበት የለኝም። እንግዲህ በእናንተ ነው።"

ከአምስተኛው መስመር የወጣችው ልጅ "እሺ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። ሌሎቹ ወደየመስመራቸው ሄዱ።

"ተዘጋጅ" ካሉ በኋላ የነበረው ዝምታ ረጅም መሰለኝ። ስምንት ጀርባ ተነስቶ ቆመ፤ አንዱም አልተነቃነቀ። ተኩሱ ሲጮኽ ስምንቱም አንድ ላይ ተነሱ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ንጹሕ አነሳስ አላየሁም፣ ብለዋል ጋሽ አጥናፉ በኋላ።

ሳሌም ሁለተኛ ወጣች። እያለከለከች ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ ተመልሳ መጣች።

"ጋሼ፣ ሁለተኛዋን ሰማኋት" አለች።

ጋሽ አጥናፉ ኮፍያቸውን አውልቀው በእሱ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ላብ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ኢየሩ ዞሩ።

"ያ ጥሩንባሽ ስንቴ ይጮኻል?"

"የፈለጉትን ያህል።"

"እንግዲያው ይገዛ።"

"ማን ይነፋዋል ታዲያ?"

ቀይ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁና "ማን ይመስልሻል?" አሉ።